የመልከጼዴቅ የመጨረሻ ሥራ

መልከጼዴቅ የሞተው በገዛ ሱቁ ውስጥ፣ ብረት በሚቆርጥበት የቶርኖ ማሽን ሥር ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሥራ ባልደረባው ኢሳይያስ በሩን ከፍቶ ሲገባ መብራቱ እንደበራ ነበር። መልከጼዴቅ በጀርባው ተንጋሏል። በቀኝ እጁ ሪቮልቨር ሽጉጥ ይዟል። ጥይቱ በደረቱ በግራ በኩል ገብቷል፤ ደሙም ደርቋል።

ሱቁ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ ውስጥ ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ በልብስ ማጠቢያና በስልክ መሸጫ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ቤት ናት። መልከጼዴቅ በሱዳን በኩል ተሰዶ አሜሪካ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አብዛኛውን ዕድሜውን ሌክውድ በሚገኝ ፋብሪካ ብረት ሲቆርጥ ኖሮ፣ በኋላ ፈቃድ አውጥቶ የጦር መሣሪያ ማደሻውን ከፈተ። በፈረንጆቹ 2016 መስከረም ማብቂያ ላይ ሲሞት ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ከከተማው ፖሊስ የመጣችው መርማሪ ጤናዬ ትባላለች። በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ወደዚህ አገር የመጣች፣ አርባዎቹን የጀመረች ቀጭን ሴት ናት። ቁጭ ብላ ሰው ማነጋገር አይሆንላትም። ጥያቄ ስትጠይቅ ትንጎራደዳለች፤ መልስ ስትሰማ ብቻ ትቆማለች። ቀድመዋት የደረሱት ፖሊሶች «ራሱን ያጠፋ ይመስላል» አሏት። በሩ ሲዘጋ በራሱ የሚቆለፍ ነው፤ የተሰበረም የተሰረቀም ነገር የለም። እሷ ግን ዓይኗ ሽጉጡ ላይ ቀረ። እጀታውና ወገቡ ጥቁር ሲሆኑ አፈሙዙ ብቻ እንደ መስታወት ነጭ ነው።

ኢሳይያስ በር ላይ ቆሞ ነጭ የጥጥ ጓንቱን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል።

«ጋሽ ኢሳይያስ፣ ሽጉጡ የማን ነው?» አለችው።

«የደንበኛ ነው። ምናሉ የሚባል ልጅ፣ ዳውንታውን አንድ ሕንፃ ላይ የታጠቀ ጥበቃ ነው። አፈሙዙን እንድናቀጥንለት ነው ያመጣው።»

«ማቅጠን ሲሉ?»

«ሲመጣ ወፍራም ነበር፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ትርፍ ብረት የተሸከመ። ወደ ፊት ይከብዳል። ልጁ የእጁን አንጓ ያመዋል። ትርፉን ቆርጣችሁ ክብና ቀጭን አድርጉልኝ አለን።»

«ይሄ ግን ክብ አይደለም።»

«አይደለም። ክብ አድርጎ ጨርሶት ነበር። በቃ ልጁን ጥራው ስለው፣ እንደገና ማሽን ላይ አሰረውና ዙሪያውን ስምንት ገጽ ያወጣለት ጀመር። የመጨረሻውን ገጽ የጨረሰው ትናንት ከሰዓት ነው። አየሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንዳይዝግ ማጥቆሩ ለሰኞ ቀርቶ ነበር።»

«ማን አዘዘው ስምንት ገጽ እንዲያወጣ?»

«ማንም። ጠይቄው ዝም አለኝ። የሁለት ቀን ሥራ ሦስት ሳምንት ያዘው። ይለካዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንደገና ያነሳዋል። እንቅልፍ አጣሁ ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሳውቀው እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

ጤናዬ የሥራ ጠረጴዛውን ዞረችው። ብረት ማሰሪያው ሞርሳ አጠገብ የዘይት ጣሳ አለ፤ ከጎኑ በዘይት የራሰ ጨርቅ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ የመሞከሪያ ጥይት ካርቶን ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። የእጅ ማድረቂያው ወረቀት ጥቅል ጫፉ ተቦጫጭቆ ተንጠልጥሏል።

«ስለ ሽጉጡ መልክ ለማንም አይናገሩ፤ ለባለቤቱም ቢሆን» አለችው ስትወጣ።

የአሻራ ምርመራው ውጤት እሑድ ጠዋት ደረሳት። እጀታው ላይ የሟቹ ቀኝ እጅ አሻራ አለ፤ አፈሙዙ ላይ ግን ምንም የለም። ጤናዬ ወረቀቱን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ተመላለሰች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በባዶ እጁ ሲያገላብጠው የኖረ ብረት ላይ አንድ የጣት ምልክት እንዴት ይጠፋል? ያጸዳው ሰው አለ ማለት ነው። ራሱን የገደለ ሰው ደግሞ ተነሥቶ ሽጉጥ አይጠርግም።

ሟቹ ቤት ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ባለቤቱ እታለም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ሆና የምትሠራ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት የሆናት ሴት ናት። ጤናዬን ወደ መኝታ ቤት ይዛት ገባች።

«እትዬ እታለም፣ ጋሽ መልከጼዴቅ ምን አስጨንቋቸው ነበር?»

«አልነገረኝም። ከአንድ ወር ወዲህ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ሌሊት ይነሳና መስኮት ላይ ይቆማል። ምን ሆንክ ስለው፣ ሰው ከነገረኝ ነገር ጋር ተኝቼ መነሳት አቃተኝ ይላል።»

«ማን የነገራቸውን ነገር?»

«አይናገርም። ብቻ ከወንድሜ ከስለሺ ጋር ማዕድ መቁረስ ተወ። ስለሺ እሑድ እሑድ እኛ ጋ ነው የሚበላው። እሱ ሲገባ ይሄኛው ተነሥቶ ይወጣል። ተጣላችሁ ወይ ብላቸው ሁለቱም አይ አሉኝ።»

ስለሺ በረንዳ ላይ ነበር። ሰው በቫን ወደ ኤርፖርት በማመላለስ የሚተዳደር፣ በሠፈሩ ሐበሻ ሁሉ የሚታወቅ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው መልከ መልካም ሰው ነው። ለቅሶ የሚደርሱትን ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ውኃ ያድላል፣ ወንበር ያነሳል። ጤናዬ ስታስቆመው ላቡን በመዳፉ ጠረገ።

«አቶ ስለሺ፣ ከሟቹ ጋር ተቀያይማችኋል ይባላል።»

«ሽማግሌ አይደሉ፤ አንዳንዴ ይቆጣሉ። በልቤ አላስቀመጥኩትም።»

«ሱቃቸው መቼ ነው የሄዱት?»

«ከፋሲካ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። ሥራዬ ፋታ አይሰጥም።»

«ራሳቸውን ያጠፉ ይመስልዎታል?»

ስለሺ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ምን ያውቃል? እንደዚያ ተጠብበው ስምንት ገጽ አውጥተው ያሳመሩትን ብረት መጨረሻ ላይ ወደ ገዛ ደረታቸው አዞሩት። እጃቸውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው።»

ጤናዬ አመስግናው ሄደች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳታዞር ብዙ ቆየች።

ሰኞ ከሰዓት ዳውንታውን ወረደች። ምናሉ የሚጠብቀው ከፍ ያለ የቢሮ ሕንፃ ነው፤ ምድር ወለሉ ላይ አገኘችው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ቢሆንም ፊቱ የበለጠ ያስረጀዋል። ባለቤቱ ትርፌ ባለፈው የካቲት፣ በረዶ በጣለበት ምሽት፣ ከአውቶቡስ ወርዳ ቻምበርስ ሮድን ስትሻገር መኪና ገጭቷት ሞታለች። ሹፌሩ ጥሏት ጠፋ። እስካሁን አልተገኘም።

«ሽጉጥህን ንገረኝ፤ ምን ይመስላል?» አለችው።

«ወፍራም ነው፤ አፈሙዙ ከባድ። ጋሽ መልከጼዴቅ ክብ አድርገው ሊያቀጥኑልኝ ነበር። ከሰጠኋቸው ወዲህ አላየሁትም።»

«ለምን ቆየ?»

«እኔም ጨንቆኝ ደጋግሜ ደወልኩ። ሐሙስ ዕለት ራሳቸው ደወሉልኝ። ሰኞ ና፣ ግን መጀመሪያ እኔ ቤት ትመጣለህ አሉኝ። የምነግርህ ነገር አለ፤ ሽጉጡ በእጅህ እያለ እንድትሰማው አልፈልግም አሉ።»

ጤናዬ መመላለሷን አቆመች። «ምንድን ነው ብለህ አልጠየቅህም?»

«ጠየቅኩ። እስከዚያ ድረስ የሚናገረው ሰው በራሱ ጊዜ ይናገር ይሆናል አሉኝ። አልገባኝም።» ምናሉ ወደ መስታወቱ በር ዞረ። «ዛሬ ነበር ቀጠሮዬ።»

«ትርፌ የዚያን ቀን ምን ለብሳ ነበር?»

ጥያቄው ዱብ ዕዳ ሆነበት። «ቀይ ካፖርት። እኔ ነኝ የገዛሁላት።»

ጤናዬ ከዚያ በቀጥታ ወደ ማስረጃ ክፍል ሄደች። ሽጉጡን ከወረቀት ከረጢቱ አውጥታ መብራት ላይ ስትይዘው፣ ቅዳሜ መስታወት የነበረው አፈሙዝ ተለውጧል። ነጩ ብረት ላይ በአንድ ወገን አራት፣ በሌላው አንድ ቡናማ ጥላ ወጥቷል። ዝገት ነው። ማንም አልነካውም፤ እርጥበትም አላገኘውም። ዴንቨር ደረቅ አገር ነው፤ ራቁቱን የተቀመጠ ብረት እንኳ ቶሎ አይዝግም። ያለ ጥርጥር አንድ እጅ ሙሉ መዳፉን አፈሙዙ ላይ ጨብጦ ነበር።

ኢሳይያስን ሱቁ በር ላይ አገኘችው።

«ጋሽ ኢሳይያስ፣ ጓንት ለምን ያደርጋሉ?»

«ላቤ ብረት ይበላል» አለ፣ እንደሚታወቅ ነገር። «አንዳንድ ሰው እንደዚህ ነው። የያዝኩት ብረት በሁለት በሦስት ቀን ጣቴን ያወጣል። ዘይት ካልተቀባ በቀር በደረቅ ጨርቅ ቢጠርጉትም አይተውም፤ ጨው ውስጡ ይቀራል። መልከጼዴቅ ይስቅብኝ ነበር። የእሱ እጅ ንጹሕ ነው፤ መለኪያዎቹን ተመልከቻቸው፣ ሃያ ዓመት በባዶ እጁ ይዟቸው ያበራሉ።»

ጤናዬ መለኪያዎቹን አየቻቸው። እውነትም ያበራሉ። ከዚያ ከአንድ የብረት ዘንግ እኩል የተቆረጡና የተወለወሉ አራት ቁራጮች እንዲሰጣት ጠየቀችው። በነጋታው ወደ ኢሳይያስ፣ ወደ እታለም፣ ወደ ስለሺና ወደ ምናሉ እየሄደች «ይህ ከሱቁ የተገኘ ነው፤ እስኪ ያዙልኝ፣ ታውቁት እንደሆነ» እያለች፣ እያንዳንዳቸው ቁራጩን በባዶ እጃቸው ጨብጠው እንዲያገላብጡት አደረገች። ሲመልሱላት በየፖስታው ከታ ስም ጻፈችበት። ባልደረቦቿን ደግሞ ሌላ ነገር እንዲፈልጉላት ላከች፤ ስለሺ በየካቲት ይነዳው የነበረውን ቫን።

ዓርብ ዕለት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እታለም በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ስለሺ ከኋላዋ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል። ምናሉ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ግድግዳ ተደግፏል። ኢሳይያስ ማሽኑ አጠገብ ነው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ውጭው ነፋስ ነው፤ የመስታወቱ በር በየጊዜው ይንቀጠቀጣል፤ ሰዎቹም በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዞር ይላሉ።

«ጋሽ መልከጼዴቅ ራሳቸውን አላጠፉም» አለች ጤናዬ። «ሳምንታት የዳሰሱት አፈሙዝ ላይ የራሳቸው አሻራ እንኳ አልነበረም። የገደላቸው ሰው ሽጉጡን በወረቀት ጠርጎ፣ አፈሙዙን ይዞ እጀታውን እጃቸው ውስጥ አስገባ። ከዚያም አፈሙዙን እንደገና ጠረገው። ግን የማያውቀው ነገር ነበር። ላቡ ብረት ይበላል።»

አራቱን ፖስታዎች ከፍታ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሁለቱ እንደ ነበሩ ነጭ ናቸው። ሁለቱ ላይ ቡናማ የጣት ምልክት ወጥቷል።

«ነጮቹ የእትዬ እታለምና የምናሉ ናቸው። የዛጉት የጋሽ ኢሳይያስና የአቶ ስለሺ።»

እታለም አንገቷን አዙራ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። ስለሺ እጁን ከትከሻዋ አነሳ።

«ታዲያ የኢሳይያስ ቢሆንስ?» አለ ስለሺ። «አብሮ የሚውለው እሱ ነው። ጓንት የሚያደርገውም እሱ ነው።»

«እሱን አስቤበታለሁ። ጋሽ ኢሳይያስ እጃቸው ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ዘይትና የዘይት ጨርቅ እዚህ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። እሳቸው ቢሆኑ አንዴ በዘይት ይጠርጉት ነበር፤ ዝገቱም አይወጣም ነበር። ዘይቱን ትቶ ደረቅ ወረቀት የቦጨቀው ሰው ስለ ብረት የማያውቅ ነው።»

«ይሄ ግምት ነው።»

«ልክ ነዎት፣ ግምት ነው። አሁን ግምት ያልሆነውን ልንገርዎት። ምናሉ ያዘዘው ክብ አፈሙዝ ነው። ሽጉጡን የሚያውቅ ሁሉ ወይ ወፍራም ወይ ክብ ብሎ ነው የሚያስበው። ባለቤቱ ራሱ እስካሁን ክብ ነው ብሎ ነው የሚያምነው።»

ምናሉ ከግድግዳው ቀና አለ። «ክብ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ዓርብ ከሰዓት ስምንት ገጽ ሆኖ ነው ያለቀው። ከእኛ ከፖሊሶች በቀር ያንን ያዩት ጋሽ መልከጼዴቅና ጋሽ ኢሳይያስ ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ኢሳይያስን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ለማንም እንዳይናገሩ አዝዣቸዋለሁ።»

«ለነፍስም አልተናገርኩ» አለ ኢሳይያስ።

«እሑድ ዕለት በረንዳ ላይ ግን አቶ ስለሺ፣ ስምንት ገጽ አውጥተው ያሳመሩትን ብረት አሉኝ። ሱቁን ከፋሲካ ወዲህ አልረገጥኩም ባሉበት አፍዎ።»

ስለሺ ወደ በሩ አየ፤ ሁለቱ ፖሊሶች ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«ምክንያቱን የነገሩኝ ራሳቸው ሟቹ ናቸው፤ በሥራቸው» አለች ጤናዬ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሁለት ቀን ሥራ ለምን ሦስት ሳምንት ያዙት? ያለቀውን ክብ አፈሙዝ ለምን እንደገና ማሽን ላይ አሰሩት? ለምናሉ ሽጉጡን መስጠት ስለፈሩ ነው። የትርፌን ገዳይ ያውቁ ነበር፤ አቶ ስለሺ ራሱ ከአንድ ወር በፊት ነግሯቸዋል። ሽጉጡን ከወሰደ በኋላ ነገሩን ቢሰማ የሚመጣው አስፈራቸው፤ መናገር ደግሞ የሚስታቸውን ወንድም ማሳሰር ነው። ስለዚህ ቀን ለመግዛት ብረቱን ይፍቁ ነበር። አቶ ስለሺ በራሱ እግር ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄድ እየለመኑ ጠበቁት። ሐሙስ መጠበቁ በቃቸውና ለምናሉ ደወሉ። ዓርብ ሥራውን ጨረሱ። ማታውን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያነጋግሩት ጠሩት።»

ከዚያ ወደ ምናሉ ዞረች። «ቫኑ ፑዌብሎ ከተማ ተሸጦ ተገኝቷል፤ የተሸጠው ትርፌ በሞተች በሳምንቱ ነው። የፊት መብራቱ ተቀይሯል። ከመብራቱ ማቀፊያ ጀርባ ተቀርቅሮ የቀረ ክር አለ። ቀይ ነው።»

መጀመሪያ የተናገረችው እታለም ናት።

«የትርፌን ሬሳ ሣጥን ከፊት ሆነህ ተሸክመሃል» አለችው ወንድሟን። «ባሌንም ትናንትና ተሸክመሃል።»

ስለሺ ማሽኑን ተደግፎ ቁልቁል አየ። «ሰኞ እነግረዋለሁ አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ታገሠኝ ብዬ ለመንኩት። እጁን ሊታጠብ ዞረ። ሽጉጡ እዚህ ነበር፣ ጥይቱም እዚያ መደርደሪያው ላይ። ሲመለስ ጥይት እያጎረስኩት አገኘኝ። ስለሺ አስቀምጠው አለኝ። አልተቆጣም እንኳ።»

ፖሊሶቹ ወደ እሱ ቀረቡ። ምናሉ ሦስት እርምጃ ያህል ሲራመድ አንደኛው ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አገደው። ምናሉ ግን ስለሺን ሊነካው አልነበረም። ከፖሊሱ ክንድ ወዲህ ቆሞ፣ ሰባት ወር ሙሉ የሚጠይቀው ሰው ያጣለትን ነገር በዝግታ ጠየቀው።

«ወርደህ አይተሃታል?»

ስለሺ ካቴናው ሲዘጋ ብቻ ቀና ብሎ አየው።

«ወርጃለሁ።»

«ሞታ ነበር?»

«አልሞተችም ነበር። በመብራቱ አየችኝ። አወቀችኝ። ጋሽ ስለሺ፣ ምናሉን ጥራልኝ አለችኝ። ቁጥርህ ስልኬ ውስጥ ነበር።»

እታለም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኢሳይያስ አጠገቧ ሄዶ ቆመ። ጤናዬ ፖሊሶቹ እንዲያስወጡት በዓይኗ ምልክት ሰጠች። በሩ ተከፍቶ ነፋሱ ገባ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ባዶ ፖስታዎች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ምናሉ ስለሺን በዓይኑ አልተከተለውም። ወደ ጤናዬ ዞሮ፣ እጆቹ ሁለቱም በጎኖቹ ተንጠልጥለው፣ በተረጋጋ ድምፅ ተናገረ።

«የመጨረሻውን ጻፊው» አላት። «ትርፌ ያለችውን በሙሉ፣ እንዳለችው አድርገሽ ጻፊልኝ።»

ጤናዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ መጻፍም ጀመረች።